የቅሬያችን ድንኳን ለስካውት የወጣ ጊዜ

ውጭ ማደር በእኛ ዘመን መዓት ነበር። ሰው ውጭ የሚያድረው መንገድ ላይ ሲመሽበት፣ ቤቱ ሲቃጠልበት ወይም ከሚስቱ ሲጣላ ነው። በሦስቱም ምክንያት ውጭ ያደረን ሰው በማግስቱ ያገኘው ሁሉ «እግዜር ይይልህ» ይለዋል እንጂ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለው አልነበረም።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። እናንተም ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ እኛ የላሊበላ ሰዎች ግን በዐይናችን አይተነዋል። በአገሩ ሞቃት አልጋ ያለው ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ይመጣና፣ ለሆቴል ከፍሎ ሲያበቃ ሆቴሉን ትቶ፣ ብርዳም ጋራ ላይ ለመተኛት ሌላ ገንዘብ ይከፍላል። አንድ ጊዜ አንዲት በቅሎ ተጣጣፊ ወንበር፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛና ተጣጣፊ አልጋ ተጭና አቀበቱን ስትወጣ ቆሜ ተመለከትሁ። ከቤት ለመራቅ ቤትን ጭኖ መሄድ ምን የሚሉት ጥበብ እንደ ሆነ ራሴን ጠይቄ፣ መልስ ስላላገኘሁ መንገዴን ቀጠልሁ። የእኔ ጉዳይ አልመሰለኝም ነበር።

የእኔ ጉዳይ የሆነው የልጅ ልጄ ሜሮን ስካውት የገባች ዕለት ነው። ሜሮን ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቷ ጋር እኔው ቤት ትኖራለች። የትምህርት ቤቱን የስካውት ክበብ የሚመራው መምህር እንዳልክ ቀድሞ እኔ ያስተማርሁት ነው። ይህ ሰው አንድ ገጽ የጉዞ ዕቃ ዝርዝር ላከልኝ። ከሥሩም «ሁለት ሌሊት በድንኳን፣ በገዛ ዕቃዋ ያደረች ልጅ አረንጓዴውን ስካርፍ ታጠልቃለች፤ ዕቃ የጎደላት ልጅ አትሄድም» ይላል። ሁለቱን የፊደል ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ዝርዝሩን ማጥናት ጀመርሁ።

መጀመሪያ የተጻፈው «የመኝታ ከረጢት» ነበር። ከረጢት ውስጥ እህል እንጂ ሰው እንደሚገባ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ቀጥሎ የጀርባ ቦርሳ፣ የዝናብ ልብስ፣ የተራራ ጫማ፣ የውሃ መያዣ፣ ባትሪ፣ ሳህን፣ ገመድ ይላል። እነዚህን ዕቃዎች የሚሸጥ ሱቅ በከተማችን የለም። ደሴ ይገኛሉ ቢባልም፣ ዋጋቸውን ጠይቆ የመጣ አንድ ነጋዴ ሲነግረኝ፣ በዚያ ገንዘብ ልጅቱን ከነአልጋዋ ተራራው ላይ ማድረስ እንደሚቻል አሰላሁ።

ጎረቤቴ አዳነ አስጎብኚ ነው። ፈረንጆቹ ሲመለሱ የተዉለትን ጓዝ አንድ ክፍል ሙሉ አከማችቷል። አስገብቶ አሳየኝ። ጫማዎቹ ሜሮን ሁለቱንም እግሯን በአንደኛው አግብታ ሁለተኛውን ለጓደኛዋ ልታውስ የምትችልባቸው ነበሩ። ድንኳኖቹን ግን ወቅቱ የፈረንጅ ስለ ነበረ ሁሉንም አከራይቷቸዋል።

«ከረጢቱን ግን ላከራይዎ እችላለሁ መምህር» አለኝ። «የሌሊቱ ሒሳብ በዶላር ነው። ለእርስዎ በብር ይሁንልዎ።»

የልጅ ልጄ እንቅልፍ ልትተኛ የሌሊት ኪራይ! አመስግኜ ወጣሁ።

እንግዲህ አባቶቻችን ብርድ የሚችሉበት ዕቃ አልነበራቸውምን? ከበግ ጸጉር የተሠራውን ወፍራሙን ባናዬን አውጥቼ ለልብስ ሰፊ ወሰድሁና፣ ለሁለት አጥፎ ታችና ጎኑን እንዲሰፋው አዘዝሁ። ሰፊው አገላብጦ አየው።

«መምህር፣ ይህ ጆንያ ነው ቀሚስ?»

«አልጋ ነው» አልሁት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

የጀርባ ቦርሳ ማለት ሁለት ማንገቻ ያለው ስልቻ ነው፤ ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ። ጠፍር አስተክዬ አንድ የቆየ ስልቻ አዘጋጀሁላት። ለዝናብ ከሣር የተሠፋ ገሳ፣ ለውሃ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ለእግሯ ደግሞ የታወቀው የጎማ ጫማ ተገኘ። ወጪዬ የልብስ ሰፊው የእጅ ዋጋ ብቻ ሆነ። ሜሮን ሁሉንም ለብሳና ተሸክማ ስትቆም እናቷ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። የዝርዝሩን የመጨረሻ መስመር በጣቷ እያሳየች ነበር፤ «ድንኳን፣ ለአራት ልጅ አንድ»።

«የእናንተን ማን ያመጣል?» አልኋት።

«እኛ።»

«እኛ ማለት ማን?»

«እኔ።»

«አንቺ ከየት?»

«ከእርስዎ፣ አባባ። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አያቴ የድንኳን ዳኛ ናቸው ብዬ።»

የድንኳን ዳኛ የሚባል ሹመት የለም። የቅሬ ዳኛ ነኝ። አዲስ አበቤው እድር የሚለውን የቀብር ማኅበር እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የከተማውም የጋራውም ሰው አባል የሆነበት የቅሬያችን ድንኳን ቁልፍ በእኔ እጅ ነው። ደንቡንም የጻፍሁት እኔው ስሆን፣ «ድንኳኑ ከኀዘን በስተቀር ለማናቸውም ጉዳይ አይወጣም» የሚል አንቀጽ አለበት። በዚህ አንቀጽ የስንቱን ሰው ልመና እንደ መለስሁበት አባላቱ ያውቃሉ።

ደንብን የጻፈ ሰው ግን አንድ መከራ አለበት፤ የደንቡን ቀዳዳም ያውቃል። ከዚያው አንቀጽ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ «ድንኳኑ ብል እንዳይበላው በዓመት አንድ ጊዜ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል» ይላል። ፀሐዩ የት ሆኖ ይምታው አይልም። ስንት ቀን ይምታውም አይልም። ከሥሩ ማን ይደር፣ ማን አይደር የሚል ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ድንኳኑ በበቅሎ ተጭኖ ከአራት ስካውት ሴቶች ልጆች ጋር ወደ ጋራው ወጣ።

መምህር እንዳልክ የመረጠው ቦታ ከተማውን ቁልቁል የምታይ የአንዲት መንደር ሜዳ ነበር። ሜዳው ለጥ ያለ፣ ውሃው ቅርብ ነው። የወንዶቹ ልጆች ትናንሽ ድንኳኖች ከጉብታው ማዶ ሲተከሉ፣ ትልቁ የቅሬ ድንኳን ሌላ የሚበቃው ስፍራ ስላልነበረ ከአንድ ጎጆ ደጃፍ ፊት ለፊት ተተከለ። ጎጆው የአያ ሞላ ነው። አያ ሞላ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ሲሆኑ ከገና ጀምሮ ታመው ተኝተው ነበር።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም መሆኑን ልብ በሉልኝ። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም። ሠርግ በሌለበት ወቅት፣ በጎኑ የስንዴ ጆንያ የተጣፈበት፣ አገር የሚያውቀው የቅሬ ድንኳን፣ የታመመ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ተተክሎ ሲታይ፣ ምክንያቱን መጠየቅ የሚያስፈልገው ሰው በላስታ ምድር አይገኝም። ይህን ሳላስብ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የቅሬ አባላት ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ደጄ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ጥሩምባ ሳይነፋ ድንኳን ይወጣል እንዴ?» አለ አንደኛው፤ ቅር ብሎታል።

«ማን ሞተ?»

«አያ ሞላ ናቸዋ።»

እኔም ከልቤ ደነገጥሁ። «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ነጠላዬን ካነሣሁ በኋላ ነው፣ ቁልፉ ኪሴ እያለ ድንኳኑ እንዴት ወጣ የሚለው ጥያቄ የመጣብኝ። መልሱ ተከትሎ ሲመጣ፣ ያወጣሁት እኔው ነኝና፣ ነጠላዬን እንደ ያዝሁ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። በቅሎ ላይ ደግፈው አወጡኝ፤ ኀዘኑ የጎዳኝ መስሏቸው መንገዱን ሙሉ ሲያጽናኑኝ ሄዱ።

ስደርስ ሜዳው በለቀስተኛ ተሞልቷል። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል፤ በዚያች ቀን ባለቤቱ ተኝቶ ጎረቤቱ ጮኸ። አራቱ ልጆች በካኪ ልብሳቸው በድንኳኑ ደጃፍ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል፤ ጨዋ ልጅ እንግዳ ሲመጣ እንደሚቆመው። መምህር እንዳልክ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጠጋ ብዬ ለምን እውነቱን እንዳልተናገረ በሹክሹክታ ጠየቅሁት።

«እንዴት ብዬ መምህር? ሲመጡ እያለቀሱ መጡ። ተነሥቼ ተቀበልሁ፤ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለምን መጣችሁ ይባላል?»

ልክ ነው፤ አይባልም። የመጣውም ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ሁለቱም ወገን ጨዋ ከሆነ ስሕተት ዕድሜው ረጅም ነው።

ሜሮን እጄን ያዘችኝ። «አባባ፣ አንዲት እናት አቅፈውኝ ‹የልጅ ልጃቸው ነሽ?› አሉኝ። ‹አያቴ ደህና ናቸው፤ ከተማ ናቸው› አልኋቸው። የባሰ አለቀሱ።»

«እንግዲህ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«መምህር እንዳልክ ድንኳኑን ዛሬውኑ እናፍርስ አሉ። ከፈረሰ የእኔ አንድ ሌሊት ብቻ ሊሆን ነው። ስካርፉ ቀረብኝ?»

 ስልቻዋን ተሸክማ፣ ሰው እየሳቀባት፣ ሦስት ሰዓት አቀበት የወጣች ልጅ ናት።

በዚህ መካከል አልቃሿ ወይዘሮ ጥሩ ስለ አያ ሞላ ደግነት፣ ስለ አያ ሞላ ለጋስነት፣ በክፉ ቀን በሬያቸውን አርደው መንደሩን ስለ ማብላታቸው እያወረደች ነበር። የጎጆው በር ተከፈተ። የምታስታምማቸው ልጃቸው በማለዳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ኖሮ ሽማግሌው ብቻቸውን ነበሩ። የደጃፋቸውን ለቅሶ ሰምተው፣ ከጎረቤት ኀዘን ከመቅረት ሞት ይሻላል ብለው፣ በወር ከአሥራ አምስት ቀናቸው ከአልጋ ተነሥተዋል። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ በከዘራ እየተደገፉ፣ እንባቸውን እያፈሰሱ መጥተው ከደጃፉ አጠገብ ተቀመጡ።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ቀጥይ እንጂ እቱ» አሉ አያ ሞላ። «ለመሆኑ የሞተው ማነው?»

ወይዘሮ ጥሩ ዙሪያዋን ተመለከተች። የሚያግዛት ጠፋ። «እርስዎ ነበሩ፣ አያ ሞላ።»

«እኔ?»

«ተሳስተን ነው መሰል።»

ሽማግሌው አሰቡ። «የበሬውን ነገር ያልሽው ስለ እኔ ነው?»

«አዎን።»

«አንድ አይደለም፤ ሁለት ናቸው። አስተካክይው።»

ተነሥቼ ነገሩን እንደ ዳኛ አስረዳሁ፤ ድንኳኑ የወጣው በደንቡ መሠረት ፀሐይ እንዲመታው መሆኑን ገለጽሁ። ከኋላ አንድ ድምፅ «ፀሐይማ ከተማም ነበር» አለ። ደንብ በማፍረሴ የሚገባኝን የቅሬ ቅጣት በዚያው ተቀበልሁ። መምህር እንዳልክ ካስማውን ሊነቅል ሲነሣ ግን አያ ሞላ ከዘራቸውን ዘረጉበት።

«ፍላቂት ለወንድሜ ተልኳል?»

ተልኳል። ስልክ በመንደሩ ስለሌለ አንድ ሰው በማለዳ ወርዶ፣ በሚኒባስ ለታናሽ ወንድማቸው መርዶ ሊነግር ሄዷል። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንዲት የውርስ በቅሎ ተጣልተው ዐሥራ አራት ዓመት አልተነጋገሩም።

«እንግዲያ ድንኳኑ አይነካም» አሉ። «ታምሜያለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ላክሁበት፤ አልመጣም። ለሞቴ የሚመጣ ከሆነ ልየው።»

«አያ ሞላ፣ በሕይወት ላለ ሰው የቅሬ ድንኳን አይቆምም» አለ አንድ አባል።

«ለእኔ ማን አለህ? ለልጆቹ ነው። ስንት ሌሊት ነው ደንባችሁ፣ ልጄ?»

«ሁለት» አለች ሜሮን፣ ከሁሉ ፈጥና።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደንቡን በልቤ አገላበጥሁት፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የጻፍሁት ነገር የለም። «ይቆይ» አልሁ።

በዚያ ሌሊት እኔ በአያ ሞላ ጎጆ ውስጥ ተኛሁ፤ ልጆቹ ከድንኳናቸው። እሑድ ቀትር ላይ መምህር እንዳልክ አራቱን አሰልፎ አረንጓዴውን ስካርፍ አጠለቀላቸው። ሜሮን አንገቷን ቀጥ አድርጋ ቆማ ስትቀበል አየሁና፣ ዐይኔ ላይ አቧራ ገብቶ ኖሮ ጠረግሁት።

ካስማው ሊነቀል ሲል ከመንገዱ በኩል «ወንድሜን፣ ወንድሜን» የሚል ድምፅ ተሰማ። አያ ሞላ ቶሎ ብለው ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ወንድምየው ደረቱን እየደቃ፣ ማንንም ሳያይ፣ በመካከላችን አልፎ ገባ።  ቀጥሎ የሁለት ሰው ለቅሶ ሰማን። እኛም ውጭ የቆምነው አለቀስን፤ ከትናንቱ ይልቅ ይህኛው ከልብ ነበር።

ከዚያ ስለ በቅሎዪቱ ጀመሩ። ድምፃቸው እስከ ማዶ ጋራ ይሰማ ስለ ነበር ሁለቱም በመልካም ጤንነት ላይ መሆናቸውን ለማወቅ አልተቸገርንም። ዐሥራ አራት ዓመት ያደረ ነገር በአንድ ከሰዓት አያልቅም። ምሳ አስገባንላቸው፤ በሉና ቀጠሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ገና በቅሎዪቱ በተገዛችበት ቀን ላይ ነበሩ። በሁለት ሽማግሌዎች ላይ ድንኳን ስለማይፈርስ፣ እነርሱ በአንዱ ጥግ ሲነታረኩ ልጆቹ በሌላው ጥግ ሦስተኛ ሌሊት አደሩ። ለሦስተኛው የሚሰጥ ስካርፍ አልነበረም።

ሰኞ ሜሮን ከትምህርት ቀረች። በሕይወቴ ለልጅ የመቅሪያ ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ በማስተማር ዘመኔ ሌሎች የሚያመጡልኝን በጥርጣሬ አነብብ ነበር። ብዙ ከወረድሁ ከወጣሁ በኋላ «በልቅሶ ምክንያት» ብዬ ጻፍሁ። ታሪኩን ከመምህር እንዳልክ አፍ በሙሉ የሰማው ርእሰ መምህር ደብዳቤውን አንብቦ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ከሥሩ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ መለሰልኝ።