ቁጭ የማይሉት ወይዘሮ ኦስላውግ

«ከሐይቁ ማዶ አንዲት ጀልባ አለች፣
ቀዛፊ አጥታ ብቻዋን ዋለች፤
ህም… ህም…»

ወይዘሮ ኦስላውግ ይህን ዜማ አርባ ዓመት አንጎራጉረውታል፤ ሦስተኛውን ስንኝ ግን እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ሊደርሱበት ሲሉ ወይ ድስት ይገነፍላል፣ ወይ የአንድ ሰው ሳህን ጎድሎ ይታያቸዋል። ጀልባይቱም እንደ ተገተረች ትቀራለች።

እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት ቤት በምድር ላይ አልተሠራም። ስድስት ወንበር ካለ አምስቱ የሰው ነው፤ ስድስተኛው የእሷ ሽርጥ ማረፊያ። «ኧረ ቁጭ በይ!» ሲሏት «መጣሁ፣ መጣሁ» ትላለች። እንግዳው ኮቱን ለብሶ ሲወጣም ገና እየመጣች ነው። ክብርት ወይዘሮ ኦስላውግ ደግሞ የእነዚህ ሁሉ ሴቶች አለቃ ናቸው።

አንዲት ልጃቸው ማሪት ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ቁጭ ብለው የበሉበትን ቀን አታስታውስም። እርግጥ ማሪት የማታስታውሳቸው ቀኖች ብዙ ናቸው፤ ወይን ጠጅ ወስዷቸዋል። ለዚህም ነው ከሰባት ሌሎች ሴቶች ጋር፣ ከኦስሎ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ተራራ ላይ በድንኳን ስምንት ሳምንት የሰነበተችው። እዚያ ስብከት የለም። መጠጥ የለቀቀውን እጅ እንጨት ያስፈልጡታል፣ እሳት ያስነድዱታል፣ ያበሰለውን ያበሉታል። የድንኳን ሰፈሩ ኃላፊ ቱሪድ፣ ከአፏ «መጥፎ አየር የለም፤ መጥፎ ልብስ እንጂ» የማይጠፋ ሴት፣ ዘመድ ሊጠይቅ ለሚመጣበት የቤተሰብ ቀን ያወጣችው ሕግ አጭር ነው፤ ሴቶቹ ያበስላሉ፣ ዘመድ ቁጭ ብሎ ይበላል። ዘመድ እንጨት አይነካም፤ ምግብም ይዞ አይመጣም።

ማሪት ይህን ቀን እንደ ሠርግ ጠበቀችው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በገና ዋዜማ፣ ሰክራ የበጉን ጎድን ከነመጋረጃው አቃጥላው ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ ከእጇ አንድ ማንኪያ ቀምሰው አያውቁም። ሾርባም ብትሠራ፣ እንቁላልም ብትጠብስ፣ መልሱ «አይ፣ እኔ በልቻለሁ» ነው። መጥረቢያው በተነሣ ቁጥር የምታስበው ይህንኑ ነበር፤ እማ ትበላልኝ ይሆን?

ወይዘሮ ኦስላውግ ከቁመታቸው የሚበልጥ ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው ደረሱ።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሹራብ ነዋ።»

«ሹራብ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል እንዴ?»

«ሳሙናው ነው።»

ቱሪድ ሻንጣውን ከፈተች። የቀረፋ ዳቦ፣ ግማሽ ብሎኬት የሚያህል ቡናማ አይብ። «ወይዘሮ ኦስላውግ፣ ሕጉን ያውቁታል እኮ።»

«አሳምሬ! ይሄ ምግብ አይደለም፣ የመንገድ ስንቅ ነው።»

«መንገዱማ አለቀ።»

«መመለሻስ የለኝም?»

ሻንጣው ተወሰደ። ወይዘሮዋ ግን ያለ ትግል ስለ ለቀቁት፣ ኪሳቸውም እንዳበጠ ጥቂት ተሰውረው ስለ ተመለሱ፣ ማሪት ጠረጠረች። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ምንጩ ውስጥ በሲባጎ የታሰረ የስጋ ድቡልቡል አገኘች፤ ከመኝታዋ ከረጢት ሥር ስድስት ቅቅል እንቁላል፣ ከዝናብ ቡትዋ ውስጥ የተጠቀለለ የድንች ቂጣ። አሥር ደቂቃም አልፈጀባት።

«እማ፣ ቡት ውስጥ? ቡት እኮ የጀማሪ ነው!»

«አንቺ ደሞ ምኑን አውቀሽው?»

«እኔ? ጠርሙሱን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ ዱቄት ዕቃው ውስጥ፣ ሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ! በዚህ ሙያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ!»

ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ከመካከላቸውም «ፕሮፌሰር፣ እኔም ቡት ውስጥ ነበር የማስቀምጠው» ያለች ነበረች። ወይዘሮ ኦስላውግ ብቻ አልሳቁም።

«ብትራቢ ብዬ ነው» አሉ።

«እኔ እንዳልራብ ነው፣ ወይስ የኔን ምግብ ላለመብላት?»

እናት እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉ፤ ሽርጡ ግን አልነበረም፤ ሱሪያቸውን ጠረጉት።

«ያን ዕለት እኮ ቁጭ ብዬልሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «‹እማ፣ ዛሬ አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ እሠራለሁ› አልሽኝ። ደስ አለኝና ቁጭ አልኩ። መጋረጃው ሲነድ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ማሪት። ልብስሽን ሊይዘው ምን ቀረው?»

ማሪት ይህን አታስታውስም። የስጋውን ድቡልቡል ለቱሪድ አስረከበችና ወደ እንጨቷ ሄደች።

እንጨቱ ዝናብ የመታው ነው። የበርች ዛፍ ቅርፊት ላጠች፣ እንደ ፀጉር አቅጥና ሸነታተረች፣ ክብሪቱን በመዳፏ ከለለች። ጭሱ ዓይኗን አስለቀሳት። ወይዘሮ ኦስላውግ ከኋላዋ ቆመው፣ ጣቶቻቸው በአየር ላይ እንጨት ያገላብጡ ነበር።

«ያቺ ቀኝ በኩል ያለችው ብትዞር…»

«እማ!»

«አልነካሁም! አየኋት እንጂ።»

እሳቱ ያዘ። ማሪት እጅጌዋን ሁለት ጊዜ ጠቅልላ ከነበልባሉ ራቅ ብላ ተንበረከከች፤ ጠዋት ከተራራው ሐይቅ ያጠመደችውን ዓሣ መጥበሻው ላይ አጋደመች፣ ድንቹን ረመጥ ውስጥ ቀበረች፣ ባልዲ ሙሉ ውሃም አጠገቧ አስቀመጠች። እናቷ ባልዲውን አዩት። ዳግም ስለ እንጨት አልተናገሩም።

ዓሣው በአንድ በኩል ከሰል ሆነ፤ በሌላው ደህና ነበር። ማሪት ሳህኑን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖረችና አጠገቡ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠች። ለልመናም ጉልበት አልቀራትም።

ወይዘሮ ኦስላውግ የጎደለ ሳህን ፍለጋ ዙሪያውን ቃኙ። ሁሉም ሞልቷል። ጨው ፈለጉ፤ ጨው አለ። የሚወለወል ፈለጉ፤ ተራራው ንጹሕ ነው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና፣ አንዱን እጃቸውን ግንዱ ላይ፣ አንዱን ልጃቸው ትከሻ ላይ አስደግፈው፣ እንደ ንግሥት ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። የተቃጠለውን ቆዳ ገፈፍ አደረጉ፤ ቀመሱ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ፤ ደግመውም ጎረሱ።