ፈቃድ ለማውጣት ፈቃድ አጣሁ

በዚህ አገር ሐኪም መሆን ቀላል ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው! ከባዱ ሐኪም መሆንህን ማስፈቀዱ ነው።

እስቲ ይህቺን «ፈቃድ» የምትባል ቃል እዩልኝ። የሙያ ፈቃድ አለ፣ የዓመት ፈቃድ አለ፣ የእግዜር ፈቃድ አለ። ከሦስቱ ያለ ማመልከቻ የሚገኘው የመጨረሻው ብቻ ነው።

እኔ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ባለችው ገንዳ ውሃ ከተማ በጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጊዜያዊ ማለት ምን ማለት መሰላችሁ? ስታክም ሐኪም ነህ፤ ስታመለክት ግን አይደለህም። ዘንድሮ በቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ ማለትም ሬዚደንት፣ ልሁን ብዬ ቆረጥሁ። የሬዚደንሲው ምዝገባ «ቋሚ ፈቃድ አምጣ» ይላል። ቋሚው ፈቃድ «የፈቃድ ፈተና እለፍ» ይላል። ፈተናው ደግሞ መቼ እንደሆነ... ምንም አይል!

የሁለቱም ቀን የሚታወቀው በቴሌግራም ነው፤ እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ ሐኪም ሁሉ ጠንቋይ ይሆናል። የእኛው ነቢይ አብሮኝ የሚሠራው ዶክተር አንዱዓለም ነበር። እንደ ባሕረ ሐሳብ ሊቅ ጣቱን እያጠፈ፣

«ስማኝ፣ ፈተናው ታኅሣሥን አይቀድምም፤ ምዝገባውም ከዚያ በኋላ ነው። አጨዳው ያልቃል፣ ወባው ይቀንሳል፣ አንተም ረጋ ብለህ ታነባለህ» አለኝ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከልምድ ነዋ!»

ልምዱን ልንገራችሁ? ሰውዬው ፈተናውን አንድም ጊዜ ተፈትኖ አያውቅም! በየዓመቱ ጊዜውን ሲያሰላ ጊዜው ጥሎት ይሄዳል።

ፈተናው በጥቅምት መጨረሻ ነው ተባለ። ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ በሳምንቱ!

የቆላን ጥቅምት ለማታውቁ... ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ደርሶ ካላጨዱት ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል። ስለዚህ ከጎጃሙም ከወሎውም አጫጅ ይጎርፋል፤ የወባ ትንኟም የደጋ ደም ናፍቃ ትጠብቀዋለች። በሆስፒታላችን አልጋው ሲሞላ በሽተኛው ኮሪደር፣ ኮሪደሩ ሲሞላ በረንዳ ላይ ይተኛል። ይህን እዚህ የሚኖር እረኛ ሁሉ ያውቃል። ያልሰማው ፈተናውን ያወጣው ሰው ብቻ ነው። እሱ ጥቅምትን የሚያውቀው በቀን መቁጠሪያ ሥዕል ይሆናላ!

ጡረታቸው የደረሰ ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

«የምን ፈቃድ?»

«ፈቃድ ለማውጣት የሚሆን ፈቃድ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ትቀልድብኛለህ? ያን በረንዳ አላየኸውም?»

«አይቻለሁ ጋሼ፤ ፈተናው ግን ካለፈኝ...»

«ወባው እስኪያልፍ ይጠብቁህ!»

«ማን ይንገርልኝ?»

«እኔስ ለወባው ማን ይንገርልኝ?»

እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ የዋዜማውን ተረኝነት ጨርሼ ለአንዲት ቀን እንድሄድ ፈቀዱልኝ። ፈተናው ጎንደር ላይ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ከተነሣሁ ምሳዬን በልቼ እደርሳለሁ አልሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ የሚያስታውሰኝ ሰው ጠፋ።

አውቶቡሱ ውስጥ መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስለ ከባድ ወባ አያያዝ ማንበብ ያዝሁ። ከኋላዬ ጋቢ የተከናነበ ሰው ወንበሬን ያንቀጠቅጠዋል። «ወንድሜ፣ እባክህ ላንብብበት» ልለው ዞር ብል... ለካስ ከባዱ ወባ ራሱ ከኋላዬ ተቀምጧል!

ሰሊጥ አጭዶ ወደ ጎጃም የሚመለስ ጎልማሳ ነው። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። ስሙን ብጠይቀው የበሬውን ስም ነገረኝ።

«ኧረ በማርያም፣ ሐኪም የለም ወይ?» ብለው አጠገቡ ያሉት እናት ጮኹ።

«አለሁ፣ እናቴ።»

መጽሐፌን አዩት። «አንተ እንኳ ገና ተማሪ ነህ፤ የጨረሰ የለም ወይ?»

ሹፌሩ መንገድ ዳር ካለ ጤና ጣቢያ አቆመልንና ሰውዬውን ተሸክመን አስገባነው። ነርሷ ብቻዋን ናት። እሷ ግሉኮሱን ስታንጠለጥል እኔ የወባውን መርፌ አዘዝሁ። ወዲያው ሰውነቱ ተገትሮ ይንፈራገጥ ጀመር። እንግዲህ ፍረዱኝ፣ በምን አንጀቴ ጥዬው ልውጣ? አውቶቡሱ ውጭ ጡሩምባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። ከዚያ ዝም አለ... ሄደ! መጽሐፌም አብሮ ተሳፍሮ ሄደ።

ብዙ ቆይቶ ሰውዬው ዓይኑን ገለጠና «ውሃ» አለ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ነርሷ ግን ወረቀት ዘርግታ፣

«ዶክተር፣ ያዘዙት እርስዎ ነዎትና ይፈርሙልኝ፤ የሙያ ፈቃድ ቁጥርዎንም ይጻፉበት» አትለኝም!

«እሱን ላመጣ ነበር የምሄደው» አልኋት።

አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ሰሊጥ የጫነ መኪና አስቆምሁ። ጋቢናው ሞልቷል። ሹፌሩ ከሱዳኖቹ በለመደው ዐረብኛ «ኸላስ፣ አለቀ! ጆንያው ላይ ውጣ!» አለኝ። ወጣሁ። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ የተነሣሁት ሰው፣ ጎንደር ስወርድ ሰሊጥ ተነስንሶበት ምድጃ የሚጠብቅ ዳቦ መስያለሁ።

የፈተናው ግቢ በር ላይ ስደርስ ሰዓቱ አልፏል። የዘበኛውን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልሁ።

«አባቴ፣ በሽተኛ ስረዳ ነው የዘገየሁት፤ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ያስገቡኝ!»

«ልጄ፣ ምን ያስለፋሃል?» አሉኝ ከሸሚዜ ላይ ሰሊጡን እያራገፉ። «ኔትወርክ የለም ተብሎ ፈተናው ተራዝሟል። ያ ሁሉ ዶክተር ሲራገም ቆይቶ ተበተነ።»

እልል ልበል? ኧረ ብያለሁ! መንገድ ላይ ብቻዬን እልል አልሁ። እልልታዬ የቆየው ቴሌግራም ከፍቼ የተራዘመበትን ቀን እስካነብ ነው። ምዝገባው በሚዘጋ ማግስት!

ወደ በረንዳዬ ተመለስሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደውላ ሰውዬው በእግሩ ቆሞ አገሩ መግባቱን ነገረችኝ። ይህቺን ደስታ ስንቅ አድርጌ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ መዝጋቢው ክፍል ደወልሁ። አንዲት ሴት አነሣች።

«ቋሚ ፈቃድ አለዎት?»

«ፈተናው ተራዝሞብን እኮ ነው...»

«እሱ እኛን አይመለከትም። ፈተና የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

«ታዲያ ምዝገባውን መቼ እንደምትዘጉ ለዚያ ክፍል ብትነግሩት?»

«ጽፈንላቸዋል። መልስ አልሰጡም።»

«ክፍሉ የት ነው? እኔው ራሴ መጥቼ ልለምን።»

«ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው።»



«እና እህቴ... ወጥተው አይነግሯቸውም?»

«ሊፍቱ ተበላሽቷል» አለችና ዘጋችብኝ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የእኔን ደረጃ የሚመዝኑልኝ፣ የራሳቸውን ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ናቸው!