ደህንነት የመጣበት ፈረስ

ይህን ታሪክ ሰምቶ ሲጨርስ «ጊዜዬን በላብኝ» የሚል ሰው ካለ ጉለሌ ድረስ ይምጣና ይውቀሰኝ፤ እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አስረዳዋለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ሳልጠየቅ አስረዳለሁ፤ ከተጠየቅኩማ የጠያቂው ቀን እዚያው ያልቃል።

በቃል እንጀምር። አንዳንድ ቃል እንደ ቀበሌ ቤት ነው፤ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት አባወራ ይኖርበታል። አንደኛውን በር ብታንኳኩ ደግ ሰው ይከፍትላችኋል፤ ሁለተኛውን ብታንኳኩ... ባታንኳኩ ይሻላል። «ደህንነት» እንዲህ ያለ ቃል ነው። በአንድ በኩል ጤና ነው፣ ሰላም ነው፣ ደህና ውሎ ማደር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በተለይ ያኔ በደርግ ጊዜ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ከደህንነት ነው አሉ» የምንለው ሰውዬ ነው። እናም ደህንነት መጣ የተባለ ቀን ደህና የሚሆን ሰው አልነበረም። ግራ ገባችሁ? አይዟችሁ፣ እኔም እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ያለውን ትምህርት የተማርኩት ከስኳር መጠቅለያ ነው። ከዊንጌት ወረድ ብሎ ያለው ባለሱቅ፣ ጀማል ይባላል፣ ስኳርና ምስር የሚጠቀልለው በአሮጌ መጽሔትና ከመጽሐፍ በተገነጠለ ገጽ ነበር። ስኳሩ ለእናቴ፣ ወረቀቱ ለእኔ። ስለዚህ እውቀቴ ሰፊ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ግን የተቀደደ ነው። ስለ ጨረቃ ለምሳሌ ብዙ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደተፈጠረች ግን እንዳትጠይቁኝ። እዚያ ጋ ተቀዷል።

በዚህ እውቀቴ ነው እንግዲህ በሸጎሌ መንገድ ዳር ያለው ጋጣ ጸሐፊ የሆንኩት። ጋጣው ለጃንሜዳ እሽቅድምድም የሚሠለጥኑ ፈረሶች ማደሪያ ነው። ድሮ የአንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ ተወረሰ። ሰውየው ሄዱ፣ ፈረሶቹ ቀሩ፣ አሠልጣኙ ጋሽ ሰይድም ከፈረሶቹ ጋር ቀሩ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ከሰው ጋር በቀን አሥር ቃል ቢያወሩ ነው፤ ከፈረስ ጋር ሲያወሩ ግን አፋቸው አይዘጋም። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት አንድ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነበር። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በእጃቸው አብልተው ያሳደጉት ነው። ስሙን ያወጡለት የድሮው ጌታ ናቸው። ስሙ ልዑል ነበር።

አንድ ሰኞ ደብዳቤ መጣ። በካርቦን የተገለበጠ ስለነበር ግማሹ ደብዝዟል። የሚነበበውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «...ለፈረሶች ደህንነት ቁጥጥር ሐሙስ ጠዋት ሁለት ባልደረቦች ስለሚመጡ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው...»

ጋሽ ሰይድ የያዙትን ድርቆሽ መሬት ላይ ለቀቁት። «ከየት ነው የሚመጡት ያልከው?»

«ከደህንነት፣ ጋሼ።»

«ወላሂ! ፈረሶቹ ምን አደረጉ?»

ይኼኔ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን አስረዳሁ። ጥፋቱ የፈረሶቹ ሳይሆን የስማቸው መሆኑን፣ ስንት መስፍን ታስሮ እኛ ጋጣ ውስጥ አንድ ልዑል ገብስ እየቀለብን መሆናችንን፣ ይህ ደግሞ በወረቀት ሲጻፍ ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ ዘረዘርኩ።

«ይወስዱታል?» አሉ።

«ፈረሱን ነው ወይስ እርስዎን?»

«ፈረሱን ነው የምልህ፣ አንተ! እኔን ወስደው ምን ያደርጉኛል፣ አልሮጥ!»

ስም መቀየር ነበረብን። እኔ «አብዮት» አልኩ። ጋሽ ሰይድ አሰብ አደረጉና «ሰኮናውን ሲያመው አብዮት አነከሰ ብለህ ልትጽፍ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ድል» አልኩ። «ሦስተኛ ከወጣሳ?» አሉ። «ጓድ» ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸው ብቻውን መለሰልኝ። በመጨረሻ «ሰፊው» ላይ ተስማማን። ለሚያዳምጠን ሁሉ ሰፊው ሕዝብ ነው፤ ክፉ ነገር ከመጣ ደግሞ ደረቱን ነው እንላለን። እንዲህ ያለ ስም በየቀኑ አይገኝም!

ሦስት ቀን ሙሉ «ሰፊው! ሰፊው!» ስንል ከረምን። ፈረሱ ድርቆሹን ያላምጣል። በሐሙስ ዋዜማ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ተሳስተው «ልዑሌ» አሉትና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሐሙስ ሁለት ሰዎች በበሩ ገቡ። አንደኛው ቦት ጫማ ያደረገ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ቦርሳ ይዟል። ሁለተኛው ግራጫ ኮት የለበሰ፣ እጁን ከኋላው ያጣመረ፣ ምንም የማይናገር ሰው ነው። ሐኪሙ የፈረሱን ጥርስ ሲያይ ግራጫ ኮቱ የእኛን ፊት ያያል። እኔ ወዲያው ገባኝ። አንዱ ለአንደኛው ደህንነት፣ ሌላው ለሌላኛው።

ሐኪሙ ሰኮናውን አነሳ፣ ኮርቻ የሚያርፍበትን ጀርባ በጣቱ ዳሰሰ፣ የውኃ ገንዳውን አሸተተ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

«ቀን ቀን ይታሰራል?»

«ኧረ ምንም ጥፋት የለበትም!» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያቸው። «ይገረፋል ወይ?»

«እኛ ቤት? በአላህ!»

«ስሙ ማነው?»

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ሰፊው ነው።»

«እስቲ ጥሩት።»

ጋሽ ሰይድ ጠሩት። ፈረሱ ማላመጡን ቀጠለ። ሐኪሙ ራሱ ጠራው። ምንም። ከኋላው ሆኖ አጨበጨበ፤ በጃንሜዳ ጭብጨባ ያደገ ፈረስ ለአንድ ሰው ጭብጨባ ጆሮ አይሰጥም። ሐኪሙ ብዕሩን አወጣ።

«አባባ፣ ይኼ ፈረስ አይሰማም» አለ፤ ያዘነ ይመስላል። «የማይሰማ ፈረስ እሽቅድምድም ውስጥ ጋላቢውንም ሌላውንም ይጎዳል። ከሩጫ ይወጣል፣ ለጋሪ ይሰጣል ብዬ ነው የምጽፈው።»

ጋሽ ሰይድን አየኋቸው። ከአዲሱ ገበያ በላይ ባለው ዳገት ጆንያ ተቆልሎባቸው የሚወጡትን የጋሪ ፈረሶች ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ግራጫ ኮቱን አዩት፤ ፈረሱን አዩት፤ ብዕሩን አዩት። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣

«ልዑል!»

ሁለቱ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ፈረሱ ድርቆሹን ጥሎ፣ አሽካክቶ፣ መጥቶ አፍንጫውን ጋሽ ሰይድ ብብት ውስጥ ወሸቀ። እሳቸው ጋማውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚመጣውን የሚጠብቅ ሰው እንዲያ ነው የሚጨፍነው።

ግራጫ ኮቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ምን አሉት?»

አፌ መቼ ያርፋል! «ልዑል ማለት ጌታዬ... ጓድ ማለቴ... በግዕዝ ከፍ ያለ ማለት ነው። ቁመቱን ነው! ሰፊው ደረቱን፣ ልዑል ቁመቱን። የልብስ ልክ እንደመውሰድ ነው።»

ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «ጎበዝ ነህ። ግዕዙን የት ተማርከው?»

«ከስኳር መጠቅለያ።»

«የማን ሱቅ ነው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው ጠፋኝ። ሰውየው ፈገግ አለ፣ የፈረሱን አንገት ሁለቴ መታ መታ አደረገ፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ በበሩ ወጣና ወደ አዲሱ ገበያ በእግሩ አዘገመ።

ሐኪሙ ሰውየው እስኪርቅ ጠበቀና ወደ ጋሽ ሰይድ ጠጋ አለ። «አባባ፣ ይኼ ግራጫ ኮት የለበሰው የእናንተ ሰው ነው?»

«የእርስዎ ባልደረባ አይደል እንዴ?»

«ኧረ እኔ ብቻዬን ነው የመጣሁት! ባልደረባዬ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ይኼ ሰው በር ላይ አገኘኝና ከፈተልኝ፤ ከቀበሌ መስሎኝ እሱን ፈርቼ ነው ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ያየሁት።»

ሦስታችንም በሩን አየነው። ክፍት ነው። ማንም የለም።

ጋሽ ሰይድ እስከ ዛሬ ፈረስ ወዳድ መንገደኛ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ለማንኛውም ያንኑ ቀን ሮጬ ለጀማል ነገርኩት፤ እሱም ከዚያ ወዲያ ስኳር የሚጠቀልለው ምንም ባልተጻፈበት ካኪ ወረቀት ሆነ። ትምህርቴ በዚሁ ተቋረጠ።

በሁለተኛው ሳምንት የሐኪሙ ሪፖርት መጣ። «ሰፊው ልዑል፦ ጥርስ ደህና፣ ሰኮና ደህና፣ ጆሮ ደህና። ደህንነቱ የተጠበቀ ነው።» ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ጋጣው በር ላይ በሚስማር መቱትና ዞር ብለው «የትኛው ደህንነት ነው የጠበቀው?» አሉኝ።

አላስረዳኋቸውም።

እናንተ ግን ከተጠራጠራችሁኝ ሂዱና ሞክሩት። ሸጎሌ ውረዱ፣ አንድ ፈረስ ፈልጉ፤ መጀመሪያ ፈርታችሁ ባወጣችሁለት ስም ጥሩት፣ ቀጥሎ በገዛ ስሙ ጥሩትና ጆሮውን እዩ። ብቻ ከመጥራታችሁ በፊት፣ በሩን ማን እንደከፈተላችሁ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።