በፎጣ የተሸፈነው ቅርጫት

(የእንስሳት ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል። አንዲት ሴት የያዘችው ውሻ ጥግ ላይ ይነጫነጫል። ጡረታ የወጣው መምህር ያዝዛል፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም በፎጣ የተሸፈነ የድመት ቅርጫት ታቅፎ ይታዘዛል። ጡረተኛው ይህን ሰው ባየ ቁጥር ትምህርት ለምን እንደተፈጠረ ግራ ይገባዋል።)

ጡረተኛው፦ መሬት ላይ አይደለም አልኩህ! ወንበር ላይ! ድመት ከፍ ያለ ቦታ ስታገኝ ነው የምትረጋጋው።

አማቹ፦ ወንበር ላይ ሳደርገው «ዝቅ አድርግ» አሉኝ እኮ ጋሼ።

ጡረተኛው፦ ድምፅህን ነዋ፣ አንተ ግንድ!

አማቹ፦ (በሹክሹክታ) እሺ።

ጡረተኛው፦ (እየጮኸ) አታንሾካሹክ! ሹክሹክታ ያስደነብራታል!

አማቹ፦ ገለጥ አድርገው ሊያዩዋት አልፈለጉም?

ጡረተኛው፦ እንዳትነካ! ሲገልጡባት እኮ ነው የምትሸበረው። ስማ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሥነ ልቦና ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ፍጡር የሚጨነቀው በሕመሙ አይደለም፤ አናቱ ላይ ቆሞ በሚያተራምሰው ሰው ነው።

አማቹ፦ እሱስ ገብቶኛል።

ጡረተኛው፦ ላንተ? ይሁና!

አማቹ፦ ባለፈው ታዲያ ሐኪሟን ቧጥጣ ቁም ሣጥን ላይ የወጣችው ለምንድን ነው?

ጡረተኛው፦ ሐኪሟ አያያዝ ስለማታውቅ ነዋ! እኔማ የድመቷን ማጅራት ጨምድጄ «ተረጋጊ! ተረጋጊ!» እያልኩ ስጮህላት ነበር። ይኸው ጆሮዋ መግል ቋጥሮ፣ ምግብ ትታ ከረመች። ዛሬም ሳትታከም ከተመለሰች አለቀላት።

አማቹ፦ ዛሬስ ትታከማለች።

ጡረተኛው፦ በእኔ ዘዴ ነዋ! ኮሽታዋን ሰማህ?

አማቹ፦ ኧረ በጭራሽ።

ጡረተኛው፦ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም! ዕውቀት ማለት ይሄ ነው። (ውሻው ይጮሃል።) እመቤት! ያንን አውሬ ያውጡልን፣ በሽተኛ ይዘናል!

አማቹ፦ ጋሼ፣ ድምፅዎ...

ጡረተኛው፦ የእኔ ድምፅ መድኃኒት ነው!

(የአማቹ ስልክ ይጠራል። ደዋይዋ እህቱ፣ የጡረተኛው ሚስት ናት።)

አማቹ፦ አቤት እትዬ... ተወጋች? ጆሮዋም ታጠበ? እሰይ! ... አዎ፣ አብረውኝ ናቸው። ምንም አልጠረጠሩም። (ይዘጋል) በሉ ጋሼ እንነሳ፣ አልቋል።

ጡረተኛው፦ ምኑ ነው ያለቀው?

አማቹ፦ ሕክምናው። ሐኪሟ ቤት ድረስ መጥታ ጨርሳ ሄደች። እትዬ ጭን ላይ እንደተጋደመች ነው አሉ የተወጋችው፤ አንዴ እንኳ አልጮኸችም።

(ጡረተኛው ፎጣውን ይገፍፈዋል። ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ያረጀ ትራስ ብቻ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል።)

ጡረተኛው፦ እኔ በሌለሁበት? ቢያንስ ምክሬን ትጠይቀኝ አልነበር?

አማቹ፦ ምክሩንስ ሐኪሟ ራሷ ሰጥታናለች።

ጡረተኛው፦ ምን ብላ?

አማቹ፦ «እኔ ከመድረሴ በፊት ድመቷን የሚያስጨንቃትን ነገር ከቤት አውጡልኝ» ብላ። ይኸው፣ ይዤዎት ወጣሁ።