የራውተር ቀዳዳዎች ድልድል

ራውተር የሚባለውን ዕቃ በቅርብ አይታችሁት የማታውቁ ከሆነ ብዙ አልቀረባችሁም። የብረት ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉት። በየቀዳዳው ገመድ ይሰካል፤ ገመዱ ወደ አንድ ቢሮ ይሄዳል፤ ያ ቢሮ በእሱ በኩል ከዓለም ጋር ይገናኛል። ይገናኛል ስላችሁ ታዲያ አምቦ መሆናችንን አትርሱ። መብራት ካለ፣ ጊንጪ አካባቢ መንገድ የሚጠርግ ግሬደር መስመሩን ካልበጠሰው፣ ይገናኛል።

እኔ በዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የዚህ ሳጥን ጠባቂ ነበርኩ። የሥራ መደቤ ስም ከዚህ በጣም ይረዝማል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ከባድም አይደለም፤ ሳጥኑ የቀዳዳዎቹን ስም ከፋብሪካው ይዞ ይመጣል። ስሙ እንዴት መሰላችሁ? መጀመሪያ ዓይነቱ ይጠራል፤ የኛዎቹ «ፋስት ኢተርኔት» ይባላሉ። ፋስት ማለት ፈጣን ነው። ጠዋት የተላከ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከምሳ በኋላ አዲስ አበባ በሚደርስበት ቤት፣ ፈጣን። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

ከዓይነቱ ቀጥሎ ሁለት ቁጥር አለ፤ መሃላቸው ስላሽ የምትባል ያዘመመች ሰረዝ ትገባለች። የመጀመሪያው ቁጥር ቀዳዳዎቹ ያሉበት ካርድ ሳጥኑ ውስጥ የት እንደገባ ይናገራል፤ ሁለተኛው ቀዳዳው በካርዱ ላይ ስንተኛ እንደሆነ። የኛ ካርድ ቦታ ቁጥር አንድ ላይ ስለነበር ቀዳዳዎቹ አንድ ስላሽ ዜሮ፣ አንድ ስላሽ አንድ እያሉ እስከ አንድ ስላሽ አሥራ አምስት ይሄዳሉ። በድምሩ አሥራ ስድስት። ዕቃው መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው ማለት ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ስማር ነግረውኝ ነበር፤ ረሳሁት። ስለ ሠሩት ሰዎች ግን በአንድ ነገር እርግጠኛ ነኝ፤ እንደ እኛ ዓይነት ኃላፊ አልነበራቸውም።

ነገሩ የሆነው ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ የገባ ሰሞን ነው። ያንን ዘመን ያየ ያውቀዋል። ክፍል ይባል የነበረው ሁሉ «የሥራ ሂደት» ሆነ፤ የክፍል ኃላፊውም «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። ጠረጴዛው ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ሰውየውም ያው። የረዘመው በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ በሩ አልበቃው ብሎ ግድግዳው ላይ ተርፏል።

ሰው ሁሉ ስም ከተቀየረለት በኋላ ተራው የራውተሩ ሆነ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ፋስት ምናምን የሚለው ስም ከመዋቅሩ ጋር አይሄድም አለ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቀዳዳ በመዋቅሩ ላይ ባለ የሥራ ሂደት ስም ይጠራ፣ በመዋቅሩ ስም የሌለው ክፍል ቀዳዳ አይሰጠው ተባለ። ይህንኑ የምሞላበት ቅጽ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት መጣልኝ።

በደረጃ ነውና የመጀመሪያውን ቀዳዳ ይዤ ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። ስሙ ማን ነው አሉኝ። አንድ ስላሽ ዜሮ ነው አልኳቸው። ዜሮ የተባሉት እሳቸው መሆን አለመሆናቸውን እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ኳስ እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ አንድ ለዜሮ ማለት እኮ ማሸነፍ ነው አልኩ።

«ታዲያ ዜሮው የማነው?» አሉኝ።

አንድ ስላሽ አንድን ወሰዱ። እሳቸው የናቁትን ዜሮ ደግሞ ከበታቻቸው ያለ ማን ይቀበላል? ሁሉም እየገፋው አለፈ። ቅጹን ስዘረጋው ተራ ቁጥሩ ራሱ ከአንድ ጀምሮ አሥራ አምስት ላይ ያልቃል። ዜሮን የት ልጻፈው ብዬ የኮሚቴውን ጸሐፊ ጠየቅኩ። በቅጹ ላይ የሌለ ነገር የለም ማለት ነው አለኝ። ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ሁለታችንንም ያየናል፤ የለም ተባለ።

ድልድሉ እንዲህ ሆነ። ዘጠኙ ሰው ላለባቸው የሥራ ሂደቶች ተሰጡ። አምስቱ ደግሞ በመዋቅሩ ላይ ስማቸው ላለ፣ ሠራተኛ ግን ገና ላልተቀጠረላቸው ሂደቶች ተያዙ። አሥራ አምስተኛው ተራ ባዶውን ቀረ።

አሁን አዴ ጫልቱን ላስተዋውቃችሁ፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናቸው፤ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ክፍል የሳቸው ናት። መዋቅሩ ሲሠራ መዝገብ ቤት ተረሳች። ክፍሏ አለች፣ መደርደሪያው አለ፣ አዴ ጫልቱ አሉ፤ ስሟ ብቻ የለም። ስም ስለሌላት ቀዳዳ የላትም። ወደ ክልል የሚላከው የመምህራን የዝውውር ማመልከቻ በሙሉ የሚወጣው ግን ከዚችው ክፍል ነው። አዴ ማመልከቻዎቹን በፍላሽ ይዘው፣ መስመር ያላቸውን ቢሮዎች እየዞሩ ኮምፒውተር ይለምናሉ። ፍላሹ ደግሞ ከየቢሮው ቫይረስ እየለቀመ ይመለሳል።

ባለፈው ዓመት ቫይረሱ የበላው የቶሎሳን ማመልከቻ ነበር። ቶሎሳ ጉደር ላይ ከመኪና ተወርዶ ግማሽ ቀን በእግር የሚኬድበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሚስቱ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ አላቸው፤ ቶሎሳ ቤቱ በገባ ቁጥር ልጁ እናቱን ይጠራና እንግዳው መጣ ይላታል። ቶሎሳ ይህን ሲያወራ ይስቃል። እኛ አንስቅም።

በዚህኛው ዓመት ምዝገባው ዓርብ ስድስት ሰዓት ይዘጋል። ቶሎሳ ሰኞ መጥቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አዴ ጫልቱ ፍላሻቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ እኔ መጡና «ማል ጎና?» አሉኝ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። በእውነት አፈርኩ። ማንም ያልተቀመጠባቸው አምስት ቀዳዳዎች ቆልፌ የያዝኩ ሰው ነኝ።

ኮሚቴው ጋ ሄድኩ። የጸደቀ ስም አምጣ አሉኝ። ማን ያጸድቃል? ኮሚቴው። መቼ? በሚቀጥለው ሩብ ዓመት። ተናድጄ ወጣሁ፤ ተናድጄ ቅጹን ከፈትኩ፤ አሥራ አምስተኛው ተራ ላይ «የተቀናጀ የሰነድ ፍሰት ማሳለጫና ክትትል ደጋፊ የሥራ ሂደት» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ የሚባል ነገር በምድር ላይ የለም። ጸሐፊው አንብቦ ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። ማክሰኞ የአዴ ጫልቱን ገመድ ሰካሁት።

አዴ ደግሞ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ተራ አያዘልሉም። ማመልከቻዎቹን በመዝገቡ ቅደም ተከተል መላክ ጀመሩ። ቶሎሳ ከመጨረሻዎቹ ነው። መስመሩም ፋስት ነው፤ ነግሬያችኋለሁ።

ረቡዕ ከክልል የሱፐርቪዥን ቡድን ሊቆጣጠረን መጣ። ቅጹን እያነበቡ አሥራ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የለውጡን መንፈስ በትክክል የተረዳ ይህ ሂደት ብቻ ነው አሉ። ባለቤቱ ማን ነው? ኃላፊያችን ስለሂደቱ ሰምተው አያውቁም፤ አላውቅም ማለት ግን አይሆንላቸውም። ምደባው እየተጠናቀቀ ነው አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ተጠናቀቀ። አሥር ዓመት ሰው ሲጠብቅ የኖረ መደብ ባለበት ቤት፣ የሌለ ሂደት በአንድ ሌሊት ባለቤት አገኘ። ፋስት የሚለው ቃል ትርጉም ሲኖረው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ባለቤቱ የሚሽከረከር ወንበር ተሰጣቸው፤ መስመራቸውም በአስቸኳይ ይገናኝ ተባለ። የአዴ ጫልቱን ገመድ ከአሥራ አምስተኛው ነቅዬ የሳቸውን ሰካሁ። የቶሎሳ ማመልከቻ ያን ጊዜ ሠላሳ በመቶው ብቻ ተልኮ ነበር። አዴ ጫልቱ ፍላሻቸውን ከኮምፒውተሩ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሳጥኑ ፊት ቆምኩ። ቶሎሳ ውጭ ተቀምጧል። የአዴ ገመድ ተንጠልጥሏል። ዓይኔ ጠርዝ ላይ ያለችው ቀዳዳ ላይ አረፈ፤ አቧራ ሞልቷታል። ቅጹን አወጣሁና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከአንድ ይጀምራል። ስለ ዜሮ የሚከለክል፣ የሚፈቅድ፣ የሚጠይቅ አንዲት መስመር የለውም። ኮሚቴው ራሱ የለችም ብሏታል። በሌለች ቀዳዳ ላይ ገመድ ቢሰካ ማን ምን አገባው?

አቧራውን በትንፋሼ አራገፍኩና ሰካሁ። አረንጓዴ መብራት በራ። ሳጥኑ ውስጥም ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን ስም እንዳለ ተውኩላት፤ ፋስት ኢተርኔት አንድ ስላሽ ዜሮ።

ማመልከቻው ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። ቶሎሳ ከወንበሩ ተነስቶ የአዴ ጫልቱን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እንግዲህ ልጄን አባትህ ነው ቢሉት ያምን ይሆናል» አለ። በዚያው ክረምት ዝርዝሩ ሲወጣ ስሙ ጊንጪ ላይ ነበር።

አሥራ አምስተኛው ባለቤት አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ በሩን አስዘግተው፣ ሂደታቸው በትክክል ምን እንደሚሠራ በለሆሳስ ጠየቁኝ። ያሳልጣል፣ ይከታተላልም አልኳቸው። እሱንማ እየሠራን ነው ብለው ተነፈሱ። ብዙ ሳይቆዩ አድገው ሄዱ፤ ሌላ ተተካ፤ እሱም ተገምግሞ ተነሳ። ኃላፊያችንም ከአንድ ስላሽ አንድ ወርደዋል። ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ባለቤቱ ያልተቀየረ ቀዳዳ የለም።

አዴ ጫልቱ ዜሮ ላይ ናቸው። የት ነዎት ብሎ የጠየቃቸው ሹም ሁሉ ዜሮ ላይ ሲሉት አዝኖላቸው ያልፋል። እኔም እዚያው ብሰካ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አንድ ካርድ ላይ ያለው አንድ ዜሮ ብቻ ነው።