ሚስተር ዴኒስን እሰሩልኝ

[2021፣ ሰመር። አሜሪካ፣ ዋይትሆል ከተማ፣ የአፓርታማ ፓርኪንግ። ሱሀይል የዕቃ ማመላለሻ ሾፌር ነው፤ አሜሪካ ከገባ ቆይቷል። ወልደየሱስ በየቤቱ እየሄደ አረጋውያንን ይንከባከባል። ሁለቱም በሱሀይል መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል።]

ሱሀይል፦ ቤት ያለው ሰው ድንኳን ውስጥ አያድርም አልኩህ።

ወልደየሱስ፦ አደርኩ እያልኩህ እኮ ነው፣ ጋሼ። ወገቤ ምስክር ነው።

ሱሀይል፦ እንግዲያው አብረውህ ያደሩት ሰዎች ሆምለስ ናቸው።

ወልደየሱስ፦ የምንከባከበው ሚስተር ዴኒስ እንኳ ቤክስሊ፣ የሀብታሞች ሰፈር፣ ትልቅ ቤት አለው። ሂፒ ነበርኩ ነው የሚለው።

ሱሀይል፦ አሃ፣ ሂፒ! እሱ ሃይማኖት ነው። ዋናው ቢሮው ካሊፎርኒያ ነው።

ወልደየሱስ፦ እኔም መንፈሳዊ ኮንፈረንስ መስሎኝ ነው መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ የሄድኩት።

ሱሀይል፦ [እየሳቀ] ወይ ወልደየሱስ! እሺ፣ ሽማግሌውን ዊልቸር ላይ አስቀምጠህ ጫካ ምን ወሰደህ?

ወልደየሱስ፦ ለመነኛ። ጠዋት ጠዋት ሳጥበው የሚያወራኝ አንድ ነገር ነው። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ሰፍረው ሙዚቃ ሲሰሙ ፖሊስ መጥቶ በዱላ በተናቸው። እሱን በጸጉሩ ጎትተው ጭቃ ላይ ጣሉት። ይህን ሲያወራ ይስቃል፣ ከዚያ ያለቅሳል። ዘንድሮ የቀሩት ጓደኞቹ እዚያው ጫካ ሊገናኙ ነው። ልጁ አልወስድህም አለው። ሐኪሙ ደግሞ የሚቀጥለውን ሰመር እንደማያይ ነግሮኛል።

ሱሀይል፦ [ሳቁን ትቶ] እሺ።

ወልደየሱስ፦ ስንደርስ ሁሉም ሽማግሌ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ እየተወዛወዙ ይዘምራሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ሱሀይል፦ ሲያጨሱስ አላየህም?

ወልደየሱስ፦ ጭሱ ለትንኝ መስሎኝ። ብቻ ጭሱ መሀል ተቀምጬ፣ እንደዚያ ቀን ርቦኝ አያውቅም።

ሱሀይል፦ ያ ረቢ! ይሄኔ እኔ ብሆን ሹልክ ነበር። ፖሊስ ቢመጣስ?

ወልደየሱስ፦ መጣ እንጂ። ፈቃዳችሁ አልቋል፣ ተነሱ አሉ። ሽማግሌዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ግማሾቹ እንቢ ብለው፣ ግማሾቹ መነሳት አቅቷቸው። ፖሊሱ ልጅ እግር ነው። “ሰር፣ እባክዎን” እያለ ይለማመጣቸዋል፤ ለአንዷ ሴትዮ ውሃ አመጣላት። ይሄኔ ሚስተር ዴኒስ ፊቱ ጠቆረ።

ሱሀይል፦ ለምን? አልተመታ!

ወልደየሱስ፦ እኔም ጠየቅሁት። “ያኔ ፖሊሶች የሚፈሩን ሰዎች ነበርን። አሁን አያቶቻቸው ሆንን” አለኝ።

ሱሀይል፦ አንተስ ምን አደረግህ?

ወልደየሱስ፦ ሆዴ አልቻለም። ፖሊሱን ወደ ጎን ጠራሁት። “እኚህ ሰውዬ እናንተን ሲጠብቁ ነው ያረጁት። እባክህ፣ እሰርልኝ” አልኩት።

ሱሀይል፦ እሰርልኝ? የሥራ ላይሰንስህስ? የዜግነት ማመልከቻህስ?

ወልደየሱስ፦ አላሰብኩትም። ፖሊሱ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው፣ ከዚያ ካቴናውን አወጣ። ሚስተር ዴኒስ የበዓል ልብስ እንደሚለብስ ልጅ ሁለት እጁን ዘረጋ። ደግሞ ያለ ጓዴ አልሄድም አለ። እኔም ታሰርኩ። ዊልቸሩን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተቱት፣ ሳይረን እያስጮሁ ይዘውን ሄዱ። መቆም የቻሉት ቆመው አጨበጨቡ። የጫካው መውጫ በር ጋ ሲደርስ ፖሊሱ ፈታንና እጃችንን ጨብጦ ተመለሰ። ሚስተር ዴኒስ ግን መንገድ ላይ፣ እንደ ታሰረ፣ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ሱሀይል፦ እዚህ ላይ ዋሸህ። እንደዚያ ሆኖ እንቅልፍ አይወስድም። የፖሊስ መኪና የኋላ ወንበር ደረቅ ፕላስቲክ ነው። እጅህ ወደ ኋላ ስለሚታሰር መደገፍ አትችልም፤ ጉልበትህም የፊቱን ወንበር ይነካል።

ወልደየሱስ፦ የእኛን ወደ ፊት ነው ያሰሩን። ፕላስቲኩ ግን ልክ ነህ። [ዞር ብሎ ያየዋል] ጋሼ፣ አንተ በምን አወቅህ?

[ሱሀይል መስታወቱን ያስተካክላል። ያልተጣመመ መስታወት ነው።]

ሱሀይል፦ አምና ነው። በኮሮናው ጊዜ።

ወልደየሱስ፦ ምን አድርገህ?

ሱሀይል፦ ለኢድ መስጊዱ ዝግ ስለሆነ ፓርክ ሄድን። ተነሱ ሲሉን ሕጉን አውቃለሁ ብዬ ተከራከርኩ።

ወልደየሱስ፦ ከምኑ ነው ተነሱ ያሏችሁ?

ሱሀይል፦ [በዝግታ] ካደርንበት ድንኳን።

ወልደየሱስ፦ ከሂፒዎች ጋር ነበርክ?

ሱሀይል፦ ከአማቴ ጋር።