የፋኑኤል ሕጎች

የታተመ ሕግ የማይበቃው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካርታ ሲጫወት ሕግ ይጨምራል፤ ከረንቦላ ሲጫወት ያሻሽላል። የእኛ የቂርቆሱ ቡልጋሪያ ሰፈር ደግሞ ክቡር ሕግ አውጪ ፋኑኤል ናቸው። አንቱ ማለቴ ለቀልድ ነው። እኩያዬ ነው፤ እቀናበታለሁም።

በ2004 ዓ.ም. ከውጭ የመጣ የአጎቴ ልጅ አንድ ወፍራም የጨዋታ መጽሐፍ ሰጠኝ። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌላው ሁሉ ጀግና ሆኖ፣ ዳይስ እየጣለ፣ ከዘንዶና ከጠንቋይ ጋር ይፋለማል። ሁለት ወር አጠናሁት። ከዚያ ፋኑኤልን፣ ልደትንና መርጋን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ጠርቼ አስተማርኳቸው። በአራተኛው ቅዳሜ ጨዋታው ፋኑኤል ቤት ነበር፤ መሪውም እሱ።

"ማለቴ፣ መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ግን ቂርቆስን አያውቅም" ብሎ ደብተር አወጣ። ታክሲ አጥቶ ላረፈደ ሰው፣ የጀግናው በቅሎ ደክማ ነው ይባልለታል። መብራት ከጠፋ ዘንዶውም አያይም። ሳያንኳኳ ዋሻ የገባ ሁለት ዙር ውጭ ይቆማል።

ልደት እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። እኔ ስመራ ፈገግ ብላም አታውቅ። አንድ እሑድ ያለ እሱ ጠራኋቸውና በመጽሐፉ ብቻ አጫወትኳቸው። ሰዓት ሳይሞላ መርጋ፣ "ፋኑኤል ቢኖር ይሄን አይፈቅድልኝም ነበር?" አለኝ። መጽሐፉን ከደንኩት።

ግንቦት ላይ አባቴ አረፈ። ስድስት ቅዳሜ ቀረሁ። በመጽሐፉ ሕግ የቀረ ሰው ይቀደማል፤ ጨዋታው እሱን አይጠብቅም። ስመለስ ግን ሦስቱ ጀግኖቻችን የተለየኋቸው ወንዝ ዳር እንደቆሙ ናቸው።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሩ ነበር?" አልኩ።

"ዓሣ ስናጠምድ" አለች ልደት። "መሻገር ተከልክለን።"

ፋኑኤል ደብተሩን ገፋ አደረገልኝ። "ሐዘን የተቀመጠ ሰው ጀግናው አይሞትም። ጓደኞቹም ጥለውት አይሻገሩም" ይላል አዲሱ ሕግ።

"በቃ፣ ተራህ ነው፤ ጣል" አለኝ ፋኑኤል፣ ዓይኔን ሳያይ።

ተሻገርን። ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት፤ እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። በሌላው ሁሉ ይብለጠኝ፤ ይቺን ሕግ ቀድሞኝ ማሰቡ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።